የውኃ አባትና የመስኖ ማኅበር በሀብሩ

ከወልድያ ተነሥቶ በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ፣ በሀብሩ ምድር የሚያየው የብርቱካን፣ የማንጎና የፓፓያ ልምላሜ የወንዝ በረከትና ውኃን በፍትሕ በርትዕ የሚካፈሉ ገበሬዎች ጥበብ ተባብረው ያስገኙት ሠናይ ፍሬ መሆኑን ልብ ቢል መልካም ነው።

በመስኖ የሚያርሰው የአገራችን ሕዝብ፣ መንግሥት ሕግ ከመደንገጉ አስቀድሞ፣ በእውነተኛነቱ የተመሰከረለትን ሰው «የውኃ አባት» ብሎ ይሾም ነበር፤ እርሱም ተራ እያስጠበቀ፣ አንዱ ማሳ ጠጥቶ ሲጠግብ የቦዩን አፍ በአፈርና በሣር ደፍኖ ለተከታዩ ይከፍት፣ ክረምቱ አልፎ ቦዩ በደለል ሲሞላም ሁሉን ለጠረጋ ይጠራ ነበር። አዋጅ ቁጥር 841/2006 የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት እንዲቋቋሙ በደነገገ ጊዜ፣ ለዚህ ጥንታዊ ሥርዓት ሕጋዊ ሰውነት፣ ጠቅላላ ጉባኤና የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ጨመረለት።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የማኅበሩን ምሥረታ ነው፤ ደንቡ አንቀጽ በአንቀጽ በጉባኤ ፊት ሲነበብ፣ ከቦዩ ራስ የሚያርሰው ባለጸጋና ከቦዩ ጫፍ የምታርሰው ባልቴት በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው ሲመክሩ፣ ፊደል ያልቆጠረውም በጣት አሻራው ሲያጸና፣ የጠብ ምክንያት የነበረው ውኃ የሰላም ማሠሪያ ይሆናል። ስለዚህ በየቀበሌው እንዲህ ያለ ማኅበር የምታቆሙ ወገኖች ሆይ፣ የውኃ አባቶችን ልምድ ሳትንቁ ከደንባችሁ ጋር ታዋሕዱት ዘንድ አደራ እላለሁ።