ስለ ዚምባብዌ የደንጊያ ቅርጽ አጨራረስ

የዚምባብዌ ቀራጮች የደንጊያ ሥራ በውጭ አገር የታወቀው ከሁሉ በላይ በትርኢት አዳራሽ በኩል ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1957 በሳልዝበሪ፥ ማለት በዛሬዪቱ ሐራሬ፥ ብሔራዊው የሥነ ጥበብ አዳራሽ ሲከፈት፥ የመጀመሪያው ኃላፊ ሚስተር ፍራንክ ማክዩዌን ለአገሩ ተወላጆች መሥሪያ ስፍራና መሣሪያ አሰናዱ። በ1966 ደግሞ ሚስተር ቶም ብሎምፊልድ የተባሉ የትንባሆ ገበሬ በቴንጌኔንጌ እርሻቸው ላይ የቀራጮችን መንደር መሠረቱ። በ1971 ሥራዎቹ በፓሪስ በሮዳን ቤተ መዘክር ታዩ። ስለነዚህ ሥራዎች የጻፉት ብዙዎቹ የሚተነትኑት ስለ መናፍስትና ስለ ተረት ነው፤ ስለ አጨራረሳቸው የሚናገሩት ግን ጥቂት ነው። በእኛ አስተያየት የሥራው ፍርድ መጀመር የሚገባው ከዚሁ ከአጨራረሱ ነው።

ቀራጩ ሰርፐንታይን የተባለውን ደንጊያ በመዶሻና በመሮ ጠርቦ በሞረድ ካስተካከለው በኋላ፥ ውሃ እያፈሰሰ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው እስከ ደቃቁ በተራ ይፈትገዋል። የፊተኛው ወረቀት የተወውን ጭረት ተከታዩ ካላጠፋው፥ ጉድለቱ በመጨረሻ ገሃድ ይወጣል። ከዚያ ደንጊያውን በእሳት አሙቆ ሰም ይቀባዋል፤ ሲቀዘቅዝም በጨርቅ ይወለውለዋል። እስከዚያች ሰዓት አመድማ የነበረው ገጽ ያን ጊዜ ይጠቁራል፤ ያልተፈተገው ስፍራ ግን እንደ ፈዘዘ ይቀራል። ስለዚህ ከአንድ ደንጊያ ሁለት ቀለም ይወጣል፤ የሰሙን ወሰን የሚያሰምረውም ሰው በተዘዋዋሪ ሥዕል ይሥላል ማለት ነው።

ትርኢቱ ግን ብልጭታን ይወዳል። የሄንሪ ሙንያራድዚን ሥራ ብንመለከት፥ ፊቱ በጥቂት መስመሮችና በክብ ዓይኖች ብቻ የተነገረ ነው፤ እንዲህ ያለው መስመር የሚኖረው በጥላ ነው። ገጹ ሁሉ እንደ መስተዋት ከተወለወለ የመብራቱ ነጸብራቅ ጥላውን ይውጠዋል። በአንጻሩም አንዳንድ ቀራጭ ሻካራውን ስፍራ የሚተወው ቅርጹ ስለ ጠየቀው ሳይሆን፥ ገዢው «ጥንታዊ» መልክ ስለሚፈልግ ነው። ሁለቱም ለተመልካች ሲባል የተደረጉ ናቸውና አንዱ ከሌላው አይሻልም።

መፈተጉ አድካሚ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ለረዳት ወይም ለቤተ ዘመድ ይሰጣል። ይህ ነውር አይደለም፤ ሮዳን ራሳቸው እብነ በረዱን ያስጠርቡ የነበረው በረዳቶቻቸው እጅ ነው። ነውሩ፥ የትርኢቱ መዝገብ የአንድ ሰው ስምና የአንድ ተረት ርእስ ብቻ ጽፎ የብዙዎችን እጅ መሰወሩ ነው።

እንግዲህ የሕዝብን ጥበብ የሚያጠና ሁሉ «ይህ ምስል ምን ማለት ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ ማን እንደ ፈተገው፥ ሰሙ የት እንደ ቆመና ስለ ምን እንደ ቆመ ጠይቆ ይመዝግብ። ሰም በፀሐይና በዝናብ ይጠፋል፤ ሰሙ ከጠፋ በኋላ የሚናገር ቅርጽ የቀራጩ ነው፤ ከሰሙ ጋር አብሮ ዝም የሚለው ግን የትርኢቱ ነበር።