የማግኔት ሞተር ሙከራ ከሳይንስ ትምህርት አንጻር ሲገመገም

አንድ የሳይንስ ጽሑፍ የሚመዘነው በሚሰጠው ተስፋ ታላቅነት ሳይሆን አንባቢው ራሱ ሊፈትነው በሚችለው ማስረጃ ነው። ያለ ነዳጅና ያለ ኤሌክትሪክ፣ በቋሚ ማግኔት ብቻ የሚሽከረከር ሞተር ለመሥራት የሚጥሩ ሰዎች መመሪያ ያደረጓቸው ጽሑፎች በዚህ ሚዛን ሲታዩ ለመምህር ጠቃሚ ሆነው ይገኛሉ፤ የሚጠቅሙት ግን በአብዛኛው በጉድለታቸው ነው።

ከነዚህ መካከል ይበልጥ የታወቀው፣ ሐዋርድ ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1973 አመልክቶ በ1979 በቁጥር 4,151,431 ፓተንት ያገኘበት ሰነድ ነው። በ1980 «ሳይንስ ኤንድ ሜካኒክስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለዚሁ ሞተር ሰፊ ሐተታ ካወጣ ወዲህ ብዙዎች በትርፍ ጊዜያቸው መሣሪያውን ደግመው ለመሥራት ደክመዋል። ሰነዱ መልካም ጎን የለውም አይባልም። በተርታ የተደረደሩት ማግኔቶችና በአጠገባቸው የሚያልፈው ጎበጥ ያለ ማግኔት አቀማመጥ በሥዕል ተደግፎ በጥንቃቄ ተገልጿል።

ዋናው ጉድለት ያለው በማብራሪያው ላይ ነው። ሰነዱ የሞተሩን ጉልበት ምንጭ በማግኔቱ ውስጥ ያሉ፣ ጥንድ ያልሆኑ ኤሌክትሮኖች ሽክርክሪት ያደርገዋል። ብረት ማግኔት የሚሆነው በዚህ ሽክርክሪት ምክንያት መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የመሳብ ኃይል መኖሩና የማያልቅ ጉልበት መገኘቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተንቀሳቃሹ ማግኔት ወደ ተርታው ሲሳብ ያገኘውን ጉልበት ከተርታው ሲለይ መልሶ ይከፍላል፤ ዙሩን ጨርሶ ወደ መነሻው ሲመለስም ትርፉ ባዶ ነው። በዚህ ላይ ሰበቃ ሲታከል ሒሳቡ ወደ ኪሳራ ይለወጣል። ስለዚህ ማግኔቱ በቀጥተኛ ሐዲድ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሮጥ መታየቱ አያስደንቅም፤ መጠየቅ ያለበት ወደ ተነሣበት ቦታ ለመመለስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈልግ ነው።

ፓተንቱን እንደ ማረጋገጫ የሚቆጥሩ አልጠፉም። ፓተንት ግን ሐሳቡ የማን እንደ ሆነ ይመሰክራል እንጂ መሣሪያው ጭነት ተሸክሞ ለመሥራቱ ዋስ አይሆንም። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ሕግ መብቱ የሚጸናው ለ17 ዓመት ስለ ነበር፣ ከ1996 በኋላ ሞተሩን ማንም ያለ ፈቃድ ሠርቶ ሊሸጥ ይችል ነበር። ሆኖም በገለልተኛ ልኬት የተረጋገጠ አንድም ሞተር እስከ ዛሬ አልታየም። ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ሆኖ ቀርቷል።

የዚህ ተስፋ ታሪክ ረጅም ነው። ፈረንሣዊው ጴጥሮስ ፔሬግሪኑስ በ1269 ስለ ማግኔት በጻፈው ደብዳቤ፣ በማግኔት ኃይል ሳያቋርጥ የሚዞር መንኮራኩር ንድፍ አቅርቧል። በዚያው ደብዳቤ፣ ከሰማይ ጋር አብሮ ይዞራል ስላለው የማግኔት ድቡልቡል ሲያትት፣ ሙከራው ባይሳካ ጥፋቱ የሠሪው እጅ እንጂ የተፈጥሮ እንዳይደለ አስጠንቅቋል። ከ700 ዓመት በኋላም ምክንያቱ ብዙ አልተለወጠም፤ ማግኔቱ ደካማ ነበር፣ ክፍተቱ ሰፍቶ ነበር፣ ጉብጠቱ ጥቂት ተዛንፎ ነበር ይባላል። የትኛውም ውድቀት ሊያስተባብለው የማይችል ሐሳብ ደግሞ የትኛውም ሙከራ ሊያረጋግጠው አይችልም። ሠሪውም ስህተቱን በእጁ ላይ ብቻ ሲፈልግ ዕድሜውን ይፈጃል።

በአንጻሩ ልኬት ነገሩን በአጭር ጊዜ ይለያል። ጆሴፍ ኒውማን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ በማግኔት፣ በመዳብ ሽቦ ጥቅልና በባትሪ የሚሠራ፣ ከገባበት ጉልበት የበለጠ የሚያወጣ መሣሪያ አለኝ ብሎ ነበር። በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያ ደረጃዎች ቢሮ መሣሪያውን ሲመረምረው፣ በተፈተነበት ሁኔታ ሁሉ የገባው ከወጣው በልጦ ተገኘ።

እንግዲህ አንድ ተማሪ የማግኔት ሞተር ንድፍ ይዞ ቢመጣ መምህሩ ምን ሊያደርግ ይገባል? «ሕጉ አይፈቅድም» ብሎ ማሰናበት ተማሪውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያሳምነውም፤ ያለ ምርመራ ማመስገንም ያታልለዋል። የሚሻለው ማስለካት ነው። ለሁለት የታጠፈ ረጅም ካርቶን ሁለቱ ጫፎቹ ከፍ ብለው እንደ ቦይ ይዘጋጅ፤ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች የብረት ኳስም ከ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ትለቀቅበትና በማዶው የደረሰችበት ከፍታ ይመዝገብ። ቀጥሎ በቦዩ ዝቅተኛ ቦታ አጠገብ ማግኔት ተቀምጦ ሙከራው ይደገም። ኳሷ ወደ ማግኔቱ ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስታልፈው ትዘገያለች፤ ማግኔቱ በጣም ከቀረበም ተጣብቃ ትቀራለች። ከተለቀቀችበት ከፍታ በላይ ግን አትወጣም። ተማሪው የማግኔቱን ቦታ እየለዋወጠ ደጋግሞ ሲለካ፣ የጉልበት ሒሳብ በመጽሐፍ የታዘዘ ቃል ብቻ አለመሆኑን በገዛ እጁ ይረዳል።

የትርፍ ጊዜ ሠራተኞቹ ትዕግሥት፣ የእጅ ሙያና የሌላውን ሥራ ደግሞ የመሥራት ልማድ ሊነቀፍ አይገባውም፤ እነዚህ የሳይንስ መሠረቶች ናቸው። የጎደላቸው ከመጀመራቸው በፊት «ይህ ውጤት ከታየ ሐሳቡ ስህተት ነው» ብለው የሚወስኑበት ነጥብ ነው። በመሆኑም የትምህርት ቤት የሳይንስ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ ክፍሎች ለሚሽከረከረው መሣሪያ ብቻ ሳይሆን፣ የገባውና የወጣው ጉልበት ለተመዘገበበት ደብተርም ነጥብ እንዲሰጥ ቢያደርጉ ይበጃል። ያልሠራ ሞተር አቅርቦ ያልሠራበትን ምክንያት በቁጥር ያስረዳ ተማሪም ከሽልማቱ ሊጎድል አይገባውም።