መንገድ መሪው ማን ነበር? የጄምስ ብሩስ የግሽ ዓባይ ጉዞ ሲገመገም

የጀብዱ ጉዞ መጽሐፍ ዘወትር አንድ ጀግና ይሻል። ተራራው የቆመው እርሱ እንዲወጣው፣ ወንዙ የሞላው እርሱ እንዲሻገረው፣ ባላገሩም የተፈጠረው እርሱን እንዲያደንቅ ወይም እንዲያሰናክል ይመስላል። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ታላቅ አብነት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 በአምስት ቅጽ ያሳተመው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ታሪክ ነው። የትረካው ጡዘትም ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በስተሰሜን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2700 ሜትር በሚበልጠው የሰከላ ደጋ፣ ግሽ ላይ ይገኛል።

ብሩስ ተራ ጸሐፊ አይደለም። የጎንደርን ቤተ መንግሥት፣ የራስ ሚካኤል ስሑልን ዘመን ጦርነትና ሤራ ሕያው አድርጎ ስሏል፤ የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎችም ወደ አውሮፓ ወስዷል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ስለ መድረሱ ሲተርክ ብዕሩ ከእውነት ይልቅ ለዝና ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ተጉዞ ምንጩን ያየውን ስፔናዊ ፔድሮ ፓኤዝን ሐሰተኛ ሊያደርገው ይታገላል። ከዚህ የከፋው በባልደረባው፣ በኢጣሊያዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ላይ የፈጸመው ነው። የባሉጋኒ የራሱ የጉዞ ማስታወሻ እስከ ምንጩ አብሮ መሄዱን ያስረዳል፤ ሠዓሊው የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1771 ጎንደር ላይ ነው። ብሩስ ግን ከጉዞው አስቀድሞ እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ሥዕሎቹንም የራሱ አስመሰለ። ክብሩን ለብቻው ለመውሰድ ሲል ሕያውን ሰው በብዕሩ ቀበረ።

መጽሐፉን በከፊል የሚታደገው ከዳሞቱ ገዥ ከፋሲል ዘንድ የተመደበው መንገድ መሪ፣ ወልዶ ነው። ወልዶ ታመምሁ ብሎ ይለግማል፤ የብሩስን ቀይ የሐር መታጠቂያ ከተቀበለ በኋላ ጉዞው ይቀናል። ወደ ምንጩ ሲቀርቡም፣ ስፍራው በአገሬው ሰው ዘንድ የተከበረ በመሆኑ ጫማ እንዲያወልቁ ያስጠነቅቃል። ብሩስ በበኩሉ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ክብር የምንጩን ውኃ ይጠጣል፤ ወዲያውም በድሉ ማግስት የሚመጣ ባዶነት ይጫነዋል። በእነዚህ ገጾች ውስጥ ብልጠቱም፣ ጥንቃቄውም፣ ዕውቀቱም የወልዶ ነው። ደራሲው መንገድ መሪውን ባናገረ ቁጥር ድርሰቱ ነፍስ ይዘራል፤ ብቻውን ሊቆም በሞከረ ቁጥር ይደርቃል።

የሰከላ ሕዝብ ምንጩን ለማወቅ ብሩስን አልጠበቀም። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ እንደሰጡ፣ ወንዙም ከዓመታት በኋላ ሳያረጥብ እንደመለሰላቸው በአፈ ታሪክ ይተረካል፤ የግሽ ስምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በአንዱ ትረካ ዓባይ የአንድ ሰው ምርኮ ነው፤ በሌላው አደራ ጠባቂ ነው። ሁለተኛው የኪነ ጥበብ ሰው ገና ብዙ ሊቀዳበት የሚችል ምንጭ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣ ደራሲ፣ መምህር ወይም ሠዓሊ የገበያተኛውን፣ የጠበልተኛውንና የአጋሰስ ነጂውን ዱካ ይከተል፤ ያያቸውን አቀበቶችና ወንዞች እነርሱ በሚጠሩበት ስም ይጥራ። የአገር ልጅ መሆን ብቻውን ከብሩስ ስሕተት አያድንም፤ ከከተማ የመጣ ብዕርም ባላገሩን ድምፅ አልባ ማድረግ ይችላል። የጉዞ ድርሰት ታማኝነት የሚለካው መንገድ ያሳየውን ሰው በስሙና በድምፁ ለትውልድ በማቆየቱ ነው።