ውዳሴ ለአረንጓዴው ጎርፍ እንስቶች

የኢትዮጵያ ሴት ሯጮች ሆይ፣ ምስጋና ይገባችኋል! ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታችሁ፣ ቁሩን ተቋቁማችሁ ዳገቱን ስትወጡ የሚያጨበጭብ ሕዝብ የለም፤ ሰንደቅ አይሰቀልም፤ መዝሙር አይዘመርም። ድላችሁ ግን ከዚያ ይነሣልና ውዳሴያችንም ከዚያ ይነሣል።

ክብር ለሱሉልታ! ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ተዘርግታ፣ በሳሳው አየሯ ትንፋሽን የምትፈትን፣ ደምንም ኦክስጅን እንዲሸከም የምታበረታ የሜዳ እመቤት! ክብር ለሰበታ! በጅማ መንገድ ዝቅ ብላ፣ አስፋልቷን ለረጅሙ ሩጫ አንጥፋ፣ ደጋ ያጠነከረውን ሳንባ ፍጥነት የምታስተምር! ክብር ለቡራዩ! በአምቦ መንገድ የገፈርሳን ውሃ ታቅፋ፣ የሯጭን ኮቴ በደጇ የምታስተናግድ! አዲስ አበባን የከበባችሁ ከተሞች ሆይ፣ በሻምፒዮኖቹ ዘውድ ላይ የእናንተም ዕንቁ ያበራል።

ደራርቱ ቱሉ ሆይ፣ መንገድ ጠራጊዪቱ! ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትሩን ድል አድርገሽ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆንሽ። መስከረም 1993 ሲድኒ ላይ ወርቁን ደገምሽው፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ላይ ብርሃኔ አደሬንና ጌጤ ዋሚን አስከትለሽ ሦስቱንም ሜዳሊያ ለሀገርሽ አመጣሽ። ፋጡማ ሮባ ሆይ፣ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ የማራቶንን ወርቅ ከአፍሪካ ሴቶች ሁሉ ቀድመሽ ያጠለቅሽ፣ ስምሽ ከፍ ይበል!

የሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮናስ በምን ቃል ይወደሳል? በ1997 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ፣ ብርሃኔ አደሬና እጅጋየሁ ዲባባ ተከታትለው ገቡ። ሳምንት ቆይቶ በ5 ሺህ ሜትር ጥሩነሽ፣ መሠረት ደፋር፣ እጅጋየሁና መሰለች መልካሙ ከአንድ እስከ አራት ተሰለፉ። የመድረኩ ደረጃ ሦስት ብቻ ሆነ እንጂ የኢትዮጵያ ልጆች አራት ነበሩ! መሰለች ሆይ፣ አንገትሽ ሜዳሊያ ባያጠልቅም ያ ቀን ያለ አንቺ ሙሉ አይሆንም።

ጥሩነሽ ሆይ፣ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በአንድ ኦሊምፒክ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቆችን ጠቀለልሽ። መሠረት ሆይ፣ የአቴንስን የ5 ሺህ ሜትር ወርቅ ከስምንት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ መልሰሽ ያዝሽው። አልማዝ አያና ሆይ፣ ሪዮ ላይ 10 ሺህ ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ፈጽመሽ የዓለምን ክብረ ወሰን አዲስ አደረግሽው። ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለተሰንበት ግደይና እጅጋየሁ ታዬ ሆይ፣ በ2015 ዓ.ም. በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር የእናቶቻችሁን ሰልፍ መልሳችሁ ሠራችሁ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ!

ይህን ሁሉ ያስገኘ ምሥጢር አብሮ መሮጥ ነው። በልምምድ አንዷ ከፊት ሆና ነፋሱን ትቀበላለች፤ ስትደክም ሌላዋ ትተካታለች፤ የዳገቷ ኃይለኛ ደካማዪቱን ትስባለች፤ ፈጣኗም የታጋሿን እርምጃ ትማራለች። ስለዚህ ወርቁ በአንዲት አንገት ቢያርፍም ላቡ የብዙዎች ነው።

እናንተም ስማችሁ በድምፅ ማጉያ ያልተጠራ፣ በኮሮኮንቹ ላይ ለጓደኞቻችሁ አሯሯጭ ሆናችሁ የደከማችሁ እህቶች፣ ይህ ውዳሴ የእናንተም ነው። ከድሉ ድርሻ አላችሁ፤ ከክብሩም ድርሻ ይገባችኋል።

እግራችሁ ከእንቅፋት ይጠበቅ! ጉልበታችሁ አይዛል! መንደሮቻችሁ ልምምድ የምትሠሩበትን ሜዳ አይንፈጓችሁ! ከእናንተ በኋላ የሚነሡትም ልጃገረዶች እናንተን አይተው ይድፈሩ፤ እናንተን ተከትለው ይሩጡ፤ እናንተንም ቀድመው ይግቡ! አሜን።