«ፒፖ»፦ ዋሽንት ወይስ ወጥመድ?

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይላል ያገራችን ሰው። አጥማጅ ደግሞ እንደ ወፏ መጮኽን ይማራል። «ፒፖ» የምትባለው የፈረንሳይኛ ቃል ምስጢርም እዚህ ላይ ነው።

ውድ አንባብያን፣ መዝገበ ቃላት ብትገልጡ «ትንሽ ዋሽንት፣ የእረኛ ዋሽንት» የሚል ፍቺ ታገኛላችሁ። ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ፈረንሳዮች አንድ ወሬ ወይም የተስፋ ቃል ባዶ መሆኑን ሲናገሩ «ሴ ዱ ፒፖ» ይላሉ። ይህን «ዋሽንት ነው» ብሎ የሚተረጉም ሰው አድማጩን ግራ ያጋባል። «ውሸት ነው» ብሎ የሚያልፈውም ቢሆን ዋናውን ነገር አጉድሎታል ባይ ነኝ።

ለምን ቢሉ፣ የቃሉ ሥር የተነሣው ከሙዚቃ ሳይሆን ከወፍ አፍ ነው። በላቲን «ፒፓሬ» ማለት እንደ ወፍ መንጫጫት ነው። ከዚህ የመጣው «ፒፔ» የሚለው የፈረንሳይኛ ግሥ በወፍ ድምፅ አስመስሎ ወፍ ማጥመድ፣ ቀጥሎም ማታለል ማለት ሆነ። ለማጭበርበር የተነካካ የቁማር ዳይስ ዛሬም በዚሁ ቃል ይጠራል። ፒፖም የወፍ መጥሪያው ፉጨት ብቻ አልነበረም፤ ሙጫ የተቀባው ቀጭን እንጨትም ፒፖ ይባል ነበር። ጥሪውም ወጥመዱም በአንድ ስም!

አጥማጁ ከሚያስመስላቸው ድምፆች አንዱ የጉጉት ነው። ትንንሽ ወፎች ጉጉትን በቀን ሲያገኟት ተሰብስበው ያዋክቧታል። ጠላት ሊያባርሩ ሲመጡ ሙጫው ላይ ያርፋሉ። እንግዲህ ፒፖ ተራ ውሸት አይደለም፤ ሰሚው በሚወደው ወይም በሚጠላው ድምፅ የሚነፋ ውሸት ነው።

በፈረንሳይ በሙጫ ወፍ ማጥመድን የሚፈቅዱትን ደንቦች ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ሕገ ወጥ ብሏቸዋል። ሙጫው ተከለከለ፤ ቃሉ ግን እንደ ልቡ ይዞራል።

የኛው «ዋሽንት» ከ«ዋሸ» ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ፣ «አያችሁ፣ እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው» ለማለት የሚቸኩል አይጠፋም። የድምፅ መመሳሰል ግን ማስረጃ አይደለም። ወፏም የተያዘችው በዚሁ ነው።

እኔ ብተረጉመው «የአጥማጅ ፉጨት ነው» እላለሁ። እኛም የወዳጅ ወይም የጠላት ድምፅ የሰማን ሲመስለን፣ ከመብረራችን በፊት የምናርፍበትን ቅርንጫፍ ብናይ አይከፋም።

ቸር ይግጠመን።