ጠያቂው ማን ነው? ስለ ነባር ሕዝቦች አረጋውያንና ስለ ዲጂታል የጤና መሣሪያዎች

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአውስትራሊያ፣ በካናዳ፣ በኒውዚላንድና በዩናይትድ ስቴትስ ለነባር ሕዝቦች አረጋውያን ተብለው የሚዘጋጁ የኮምፒዩተርና የእጅ ስልክ የጤና መሣሪያዎች እየበዙ መጥተዋል። አዘጋጆቻቸው ሥራቸውን የሚያስተዋውቁበት ሐረግ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «ባህልን ያገናዘበ» ይሉታል። ሐረጉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ገለጥ አድርገን ስንመለከተው ብዙውን ጊዜ የምናገኘው፣ የከተማ ሰው ለከተማ ሰው የሠራውን መሣሪያ በአካባቢው ቋንቋ ማስተርጎምን፣ በዳር በዳሩ የነባሩን ሕዝብ የሥዕል ጌጥ ማስገባትንና ፊደሉን ለደከመ ዓይን ማጉላትን ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የመሣሪያው ባህል የሚገኘው በጥያቄዎቹ ውስጥ ነው የሚል ነው። ምን እንደሚጠየቅ፣ የትኛው መልስ ትክክል እንደሆነ፣ መልሱም ከተመዘገበ በኋላ የማን ንብረት እንደሚሆን በመወሰን ረገድ ድርሻ ያልነበረው ሕዝብ፣ መሣሪያው በገዛ ቋንቋው ቢያናግረውም እንግዳ ሆኖበት ይቀራል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት፣ በዛሬው ታብሌት ላይ የሚታዩት የአእምሮ ምርመራ መጠይቆች በአብዛኛው አያታቸው የሆነውን አንድ የወረቀት ፈተና ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ማርሻል ፎልስታይን፣ ሱዛን ፎልስታይንና ፖል ማክሂዩ ያወጡት «ሚኒ ሜንታል ስቴት» የተባለው ምርመራ ከ30 ነጥብ የሚታረም ነው። ዓመቱን፣ ወቅቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ይጠይቃል፤ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲወርዱ ያዛል፤ በእንግሊዝኛ «ዎርልድ» የሚለውን ቃል ከኋላ ወደ ፊት ፊደል በፊደል እንዲናገሩት፣ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፉ፣ የተጠላለፉ ሁለት አምስት ማዕዘኖችን እንዲገለብጡ ይጠይቃል። ለሐኪም የተመቸ፣ አጭርና ብልህ ፈተና መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የመርሳት በሽታን ለክቼ እነግራችኋለሁ ሲል አብሮ የሚለካው የትምህርት ቤትን ወንበር፣ የግድግዳን የቀን መቁጠሪያና የእርሳስ አያያዝን ነው። እነዚህ ሦስቱ ያልነበሩበት ሕይወት ኖረው የሸመገሉ ሰው ፈተናውን ሲወድቁ፣ ምን እንደወደቁ ፈተናው ራሱ ሊናገር አይችልም።

እዚህ ላይ ከገዛ ቤቴ አንድ ምሳሌ ላምጣ። የእኛ ስደተኛ አረጋውያንና የነባር ሕዝቦች አረጋውያን ታሪክ አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ የእኛዎቹ ወደ ሰው አገር የመጡ ሲሆኑ፣ እነዚያ ግን በአገራቸው ላይ እንዳሉ ሌላው የመጣባቸው ናቸው። ሆኖም የጥያቄው ጉድለት በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት መልክ አለው። በጥር 2011 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ፣ በዕድሜ የገፉ አክስቴን ይዤ በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ነርሷ ጥያቄዎቹን በአማርኛ የሚያነብ ታብሌት ይዛ መጣች። ቤተሰብ ዝም እንዲል አስቀድሞ ተነግሮኛል። ዓመቱ ስንት ነው ቢባሉ «ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ» አሉ። ቀኑን 14 አሉ፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው 22 ይላል። ወቅቱን ሲጠየቁ ያለማመንታት «በጋ» ብለው መለሱ። በጥር ከበጋ ሌላ ምን ሊባል ነው? በመስኮቱ በኩል ግን በረዶ ይወርድ ነበር፤ መተርጐሚያውም «በጋ»ን የሰመር ወራት አድርጎ አስተላለፈው። ቃል ገልብጦ መናገር ላይ ሲደረስ ደግሞ የእንግሊዝኛው ቃል አምስት ፊደል ሆኖ በየፊደሉ አንድ ነጥብ የሚያስገኝ ሲሆን፣ የአማርኛው «ዓለም» ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ ሁለቱ ነጥቦች ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ጠፍተዋል። ስንወጣ በኮሪደሩ ላይ ቆም ብለው «ልጄ፣ ምኑን ነው የሳትኩት?» አሉኝ። «ምንም አልሳቱም፣ እትዬ» አልኳቸው። የተመዘገበው ውጤት ግን እንዲህ አይልም።

በዚያ ታብሌት ላይ የነበረው አማርኛ፣ ልናገር፣ መጥፎ አልነበረም። ትርጉሙ ንጹሕ ነው። የጎደለው ሌላ ነው፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ለማየት ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ወደ ኪምበርሊ መሻገር ይጠቅማል።

ኪምበርሊ ሰፊ፣ ሰው የሣሣበት፣ ብዙ የአቦሪጂናል ቋንቋዎች የሚነገሩበት አውራጃ ነው። ከዛሬዎቹ አረጋውያን ብዙዎቹ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ሳይሆን የከብት ርቢ ጣቢያ ያሳደጋቸው ናቸው። ዲና ሎጁዲቼ፣ ሊዮን ፍሊከርና ባልደረቦቻቸው ከአካባቢው የአቦሪጂናል የጤና ድርጅቶችና ከቋንቋ ባለሙያዎች ጋር ሆነው የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የኪምበርሊ የአእምሮ ምርመራ ከ39 ነጥብ የሚታረም ነው። አዘጋጆቹ የድሮውን ፈተና ከመተርጐም ይልቅ ጥያቄውን ከሕይወቱ አወጡት። ዓመተ ምሕረት አይጠይቅም፤ «ይህ ሳምንት የጡረታ ሳምንት ነው ወይስ ባዶው?» ይላል። የጡረታ ገንዘብ በየሁለት ሳምንቱ በሚከፈልበት መንደር ጊዜ በእርግጥ የሚቆጠረው በዚህ ነውና፣ ይህን የሳተ ሰው ጊዜ ጠፍቶበታል ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ቃል ከማስገልበጥ ይልቅ ሰዎች የሚያድኗቸውን አራዊት ስም እንዲዘረዝሩ ይጠይቃል። ማበጠሪያ፣ ክብሪትና የቆርቆሮ ኩባያ በእጅ ተይዘው ይታያሉ፤ ከዚያ ይደበቃሉ፤ ቆይቶም የት እንደተደበቁ ይጠየቃል። ከሚታዩት ሥዕሎች መካከል የአዞና የኢሙ ይገኙባቸዋል። ከዚህም ሁሉ ጋር፣ አረጋዊውን የሚያውቅ የቤተሰብ ሰው የሚጠየቅበት ክፍል አለው፤ የአክስቴን አጃቢ ዝም ያሰኘው ደንብ እዚህ ተገልብጧል።

ውጤቱ የሚያስደነግጥ ሆነ። በዚሁ መሣሪያ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ የኪምበርሊ አቦሪጂናል ነዋሪዎች 12.4 በመቶው የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው ታወቀ፤ ይህም ከጠቅላላው የአውስትራሊያ ሕዝብ አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ «ለባህል የተስማማ መሣሪያ ፈተናውን ለማቅለል የሚደረግ ይሉኝታ ነው» የሚሉ ሰዎች ነገሩን አልተረዱትም። ጥያቄው ሲስተካከል በሽታው አልጠፋም፤ ይልቁንም ታየ። የድሮው ፈተና ጤነኛውን ከታማሚው ጋር ቀላቅሎ ይጥል ስለነበር፣ የቁጥሩን ክብደት የሚያምንለት ሰው ማግኘት አይቻልም ነበር።

ሌላው የሚደጋገም ክርክር እያንዳንዱ ሕዝብ ሁሉን ነገር ከባዶ ይጀምር የሚለው ነው። ይህንንም መቀበል ያስቸግረኛል። በካናዳ፣ በማኒቱሊን ደሴት የሚኖሩ የአኒሺናቤ ማኅበረሰቦች ከእነ ክሪስተን ጃክሊን ጋር ሆነው የኪምበርሊውን ምርመራ ለራሳቸው አስማምተው ተጠቅመውበታል። በሂዩረን ሐይቅ ላይ አዞ የለም፤ ኢሙም የለም። የተሻገረው አሠራሩ ነው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ በሽማግሌዎችና በቋንቋው አዋቂዎች ፊት ቀርቦ «ይህ እዚህ ምን ይጠይቃል?» ተብሎ ይመረመራል። ሽማግሌዎች በአብዛኛው የሚጠሩት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ሻይ ይቀርብላቸዋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ በምስጋናው ገጽ ላይ ይጠቀሳሉ። በማኒቱሊን ግን ጥያቄ የመጣል መብት ነበራቸው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ከወረቀት ወደ ዲጂታሉ ስንመጣ ደግሞ ወረቀት ያልነበሩበት ሁለት ችግሮች ይከተላሉ። አንደኛው ብቸኝነት ነው። የዛሬው የጤና አፕሊኬሽን የሚያውቀው ሰው፣ የራሱ ስልክ፣ የራሱ ኢሜይልና የራሱ የምሥጢር ቃል ያለው፣ ብቻውን ተቀምጦ ስለ ራሱ የሚጽፍ ሰው ነው። አንድ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት፣ ስለ አያት ጤና መነጋገር የዘመድ ሁሉ ጉዳይ በሆነበት ቤት እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም። በሰሜን አውስትራሊያ በዳርዊን የሚገኘው የሜንዚስ የጤና ምርምር ትምህርት ቤት ያወጣው «ስቴይ ስትሮንግ» የተባለ የታብሌት መሣሪያ ይህን ገብቶት የተሠራ ነው። የጤና ሠራተኛውና ባለጉዳዩ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይከፍቱታል፤ ከበሽታ ምልክት በፊት ብርታት የሚሆኑ ዘመዶችን፣ ከዚያም ብርታት የሚነሡ ጭንቀቶችን በዛፍ ሥዕል ላይ ያሰፍራሉ። ታብሌቱ ለወሬያቸው ምክንያት ሆኖ መሐል ይቀመጣል እንጂ ጠያቂ አይሆንም።

ሆኖም «ቤተሰብን አስገባ» ማለትም በራሱ መፍትሔ እንዳይመስለን። በአቦሪጂናል ማኅበረሰቦች የሴት የሆነ ነገር ለወንድ፣ የወንድ የሆነም ለሴት የማይነገርበት ሥርዓት አለ፤ ፊት ለፊት መነጋገር የማይገባቸው ዘመዳሞችም አሉ። ታብሌቱን የሚያነብላቸው የልጅ ልጅ ወንድ ሲሆን፣ አያቱን ስለ ሽንት መቆጣጠር እንዲጠይቅ የሚያዝ ስክሪን ያሳፍራቸዋል፤ ከሚያፍሩ ደግሞ «ደኅና ነኝ» ይላሉ። (እናቱን ለሐኪም ያስተረጐመ የሐበሻ ልጅ ይህን ለማወቅ ኪምበርሊ መሄድ አያስፈልገውም።) ማን ያንብብ፣ ማን ይውጣ የሚለው ጥያቄ በመሣሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቢሰፍር የሚከብድ የቴክኒክ ሥራ አይደለም። ያልተሠራው ማንም ስላልጠየቀ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከሁሉ የከፋው ነው፤ መልሱ ወዴት ይሄዳል? በአሪዞና የሚኖሩት የሃቫሱፓይ ሰዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለ ስኳር በሽታ ይጠናል ተብለው ደማቸውን ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰጡ። ደሙ ስለ ስኪዞፍሬኒያና ሕዝቡ ከየት ፈልሶ እንደመጣ ለሚያጠኑ ሥራዎችም ዋለ። ፈቅደን አልነበረም ብለው ከከሰሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700,000 ዶላር ከፍሎና የቀረውን ደም መልሶ ተስማማ። ለዚህ ዓይነቱ በደል የካናዳ ፈርስት ኔሽንስ እ.ኤ.አ. በ1998 አስቀድመው መልስ አውጥተው ነበር፤ ስለ ሕዝቡ የተሰበሰበ መረጃ ባለቤትነቱ፣ ቁጥጥሩ፣ የማየት መብቱና ይዞታው የሕዝቡ ነው የሚል። የዓለም አቀፍ ነባር ሕዝቦች የመረጃ ኅብረትም በ2019 የጋራ ጥቅምን፣ የመቆጣጠር ሥልጣንን፣ ኃላፊነትንና ሥነ ምግባርን መሠረት ያደረገ መርሕ አውጥቷል። እነዚህን መርሖች የሚጠቅሱ የአፕሊኬሽን አዘጋጆች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን መርሑን በመግቢያው ጠቅሶ መልሱን ግን በሌላ አገር በሚገኝ የኩባንያ ሰርቨር ላይ ማኖር፣ ቁልፉን ለሌላ ሰጥቶ ቤቱ የአንተ ነው እንደማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በብዙ የአቦሪጂናል ማኅበረሰቦች የሞተ ሰው ስም ለሐዘኑ ጊዜ አይጠራም፤ ምስሉ አይታይም፤ ድምፁ አይሰማም። የአውስትራሊያ ቴሌቪዥኖች በዚህ ምክንያት ከፕሮግራም በፊት ማስጠንቀቂያ ያሰማሉ። ዛሬ ለአረጋውያን የሚሠሩ መሣሪያዎች ግን የሠፈሩ ሽማግሌዎች ስለ መድኃኒት አወሳሰድ በድምፅና በምስል እንዲያስተምሩባቸው ይደረጋል፤ ሐሳቡ ያማረ ነው። ያ ሽማግሌ ሲሞቱስ? ድምፃቸውን የሚያነሣው ማን ነው፤ በስንት ሰዓት ውስጥ፤ ሐዘኑ ሲያልቅ እንዲመለስ የሚፈቅደውስ ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ በውሉ ውስጥ መልስ ያልጻፈ አዘጋጅ ሥራውን ገና አልጨረሰም።

የሃቫሱፓይ ደም በብልቃጥ ነበርና ተቆጥሮ ወደ አገሩ ሊመለስ ቻለ። ቁጥር ግን በብልቃጥ አይደለም። የአክስቴን ውጤት እንዲያርሙት ክሊኒኩን ደጋግሜ ጠየቅሁ፤ በመጨረሻ የዘመን አቆጣጠሩን የሚያስረዳ አንድ መስመር ከመዝገቡ ግርጌ ጨመሩ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ሌላ ሐኪም ሲዛወሩ መዝገቡ በኮምፒዩተር ተላከ። ቁጥሩ ደርሷል፤ የግርጌው መስመር አልደረሰም።