የፊት እግር ምርመራ፤ ከፍ ስለ ተደረጉ ፒክአፖች

በደጀን በኩል ዐባይን ተሻግሮ፣ በብቸና አድርጎ፣ ጥንታዊቱ የማርያም ገዳም ወዳለችበት ወደ ደብረ ወርቅ የሚጓዝ ሰው፣ በመንገዱ ከሚያገኛቸው ፒክአፖች መካከል አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ከወጡበት ቁመት ከፍ ተደርገው፣ ከልካቸው የሚበልጥ ጎማም ተገጥሞላቸው ሲያልፉ ያያል፤ አይቶም የሚያደንቀው ብዙውን ጊዜ ቁመታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ቁመት የሥራ ምስክር ሊሆን አይችልም። መኪናን ከፍ ማድረግ፣ ክሪክና የብረት ታኮ ያለው ሁሉ በጥቂት ሰዓት የሚፈጽመው ግብር ሲሆን፣ ከፍታው ያናጋውን የፊት እግር ሥርዐት መልሶ ማስታረቅ ግን የባለ እጅ ጥበብ ነው፤ ይህንንም ጥበብ ለይቶ ማወቅ የሚሻ ገዥ ወይም ባለቤት፣ የቅኔ መምህር ተማሪውን በድምፁ ማማር ሳይሆን በአገባቡ እንደሚመዝን፣ ልብሱን ሳይሳሳ ከመኪናው ሥር ገብቶ መገጣጠሚያዎቹን መመልከት ይገባዋል።

ከፍ የማድረጉ አሳብ ፈጽሞ ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። የምሥራቅ ጎጃምን ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጎማም ላይ ይለጠፋል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ በክረምት የተቆፈረው የጎማ ቦይ እንደ ተቆፈረ ጠንክሮ ይቀራል፤ ስለዚህ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚመላለስ ሰው የመኪናው ሆድ እንዳይነካበት ጥቂት ከፍታ ቢሻ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው መኪና ወደ አዲስ አበባ የሄደ ዕለት ከደጀን እስከ ዐባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥርም ክብደቱ ወደ ፊት ይዛወራል፤ በዚያ ላይ የዐባይ በረሃ መሬት ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየስፍራው ይሰምጣል፣ ይታጠፋልም። እንበለ ጥበብ ከፍ የተደረገ የፊት እግር ኀጢአቱን የሚናዘዘው በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው።

ምርመራው ከጎማው ይጀምር፤ ልኩ በጎኑ ላይ በገሀድ ተጽፎ ሳለ የሚያነበው ጥቂት ነውና። ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ከፋብሪካ ይዟቸው ከሚመጣ ልኮች አንዱ 225/95 አር 16 ነው። ይህን አስወልቆ 285/75 አር 16 የሚያስገጥም ሰው መኪናዬ ረዘመልኝ ብሎ ይደሰታል፤ ስሌቱ ግን የሁለቱም ጎማ ቁመት እኩል 834 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ያሳያል፤ የተጨመረው ስፋት ብቻ ነው፣ እርሱም 60 ሚሊ ሜትር ነው። 315/75 አር 16 ቢያስገጥም እንኳ፣ ጎማው በ45 ሚሊ ሜትር ቢረዝምም መኪናው የሚነሣው በግማሹ፣ ማለት ከ2 ሴንቲ ሜትር በጥቂት በሚበልጥ ነው፤ የፍጥነት መቁጠሪያውም ከቀድሞ ንባቡ ከመቶ 5 ያህል ያጎድላል። የዚህች ከፍታ ዕዳ የሚከፈለው በኩሽኔታና በታይሮድ ነው። ጎማው ከፓራፋንጎው ወጣ እንዲል ከቸርኬው በስተ ጀርባ ታኮ የገባበት እንደ ሆነ ደግሞ፣ ሸክሙ ከኩሽኔታው መካከል ይርቃል፣ እያንዳንዱም ድንጋይ መሪውን በረዘመ ክንድ ይመታዋል። ይህን ታኮ ያየሁበትን መኪና ዋጋ ሳልጠይቅ አልፈዋለሁ።

ዋናው ሐተታ ግን ዘንበል ስላለው ምሰሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ብቅ ያለው የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ከባድ ዐይነቱ ፊት ለፊት ባሌስትራ ነበረው፤ በ1999 ባሌስትራው በሞላ ሲተካ፣ የፊት አክስሉ ከሻንሲው በተዘረጉ ሁለት ክንዶችና በአግድም በተዘረጋ አንድ ዘንግ ተይዞ እንዲቆም ሆነ። ሞላው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም እነዚያ ክንዶች ወደ ታች ይዘቀዝቃሉ፣ አክስሉም በራሱ ላይ ዞሮ፣ ጎማው ግራ ቀኝ የሚልበት፣ አናቱ ወደ ኋላ ዘንበል ያለው ምሰሶ 2 ዲግሪ ገደማ ይቀናል። የፋብሪካው ዘንባሌ ራሱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ይህ ኪሳራ እንደ ቀላል አይታይም፤ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ መመለሱን ይተዋል፣ መኪናውም በቀጥታ መንገድ እየዋለለ ነጂውን ያደክማል። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ የክንዶቹን ቡሽ፣ ቀዳዳው ከመካከል ፈንጠር ባለ ቡሽ ይለውጣል፣ ወይም የክንዶቹን መያዣ ዝቅ ያደርጋል። በአግድም የተዘረጋውም ዘንግ ስለሚዘቀዝቅ አክስሉን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፤ ከፊት ቆሞ የግራውና የቀኙ ጎማ ከፓራፋንጎ የወጡበትን በጣቱ የለካ ሰው ወዲያው ያገኘዋል። ዘንጉና የመሪው ዘንግ ትይዩ ሆነው ካልቀሩም፣ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ማንም መሪ ሳያዞር ጎማው ይዞራል።

ስለ አይሱዙ ዲማክስ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በቀድሞዎቹ የቶርሽን ባሩን ብሎን አጥብቆ ከፍ ማድረግ ብር ስለማያስወጣ ይወደዳል፤ ነገር ግን እግሩ ወደ ታች የሚዘረጋበትን ስፍራ ይበላል፣ ቦልጆይንቱ በማዕዘኑ ጫፍ እንዲሠራ ያስገድዳል፣ የግማሽ አክስሉም ላስቲክ ታጥፎ ሲቀደድ የመረሬው ጭቃ ይገባበታል።

የጎማው ገጽ የሚሰጠው ትእምርት አይዋሽም። መርማሪው መዳፉን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎም ከውስጥ ወደ ውጭ ያሳልፍበት፤ በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው ሻካራ ከሆነ፣ ሁለቱ ጎማዎች ትይዩ ሆነው አይሄዱም። አንዱ ጠርዝ ብቻ አልቆ ቢገኝና ሻጩ «ጋሼ፣ ከፍ ስላለ ነው እንጂ እግሩ አዲስ ነው» ቢል አይቀበለው፤ አክስሉ አንድ ወጥ በሆነ መኪና ላይ ከፍታ ብቻውን ጎማን አያዘምምምና፣ የታጠፈ አክስል ወይም የላላ መዞሪያ ይፈልግ። በየቦታው የተቦረቦረ ጎማ የሞተ ሾክ አብዞርበርን፣ የላላ ኩሽኔታን ወይም ባላንስ ያልተደረገ ጎማን ይከሳል።

ከዚያ በኋላ የኋላ ጎማዎች በታኮ ተይዘው ክሪኩ ይምጣ። ጎማው ከመሬት ሲለቅ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው፤ የሚንኳኳ ነገር ቢሰማ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ሕጸጹ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ የመዞሪያው ኩሽኔታ ወይም ቦልጆይንቱ ነው። ከግራና ከቀኝ ሲያዝ የሚነቃነቅ ከሆነ ታይሮዱ ይመርመር። ሆኖም ታይሮድ በአየር ላይ ሳለ ጤነኛ መስሎ መሬት ሲነካ ብቻ የሚጋለጥበት ጊዜ ስላለ፣ መኪናው ወርዶ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ አንዱ መሪውን ጥቂት በጥቂት ግራ ቀኝ ሲያደርግ ሌላው ዝቅ ብሎ ይመልከት፤ አንዱ ብረት ተንቀሳቅሶ ሁለተኛው ሳይከተለው የሚዘገይባት ቦታ፣ ያለቀችው እርሷ ናት።

ላንድ ክሩዘርን የሚያውቅ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ከጎማው በስተ ጀርባ ያለውን ሉል መሰል ብረት ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ይዙር፣ ጨርቅም ይያዝ። ሉሉ ላይ ስስ ጥቁር ግሪስ ካለ መልካም ነው፣ ሥርዐቱም ያ ነው። ቀጥኖ የሚንጠባጠብና የዲፈረንሻል ዘይት የሚሸት ከሆነ፣ በውስጥ ያለው የዘይት ማገጃ ላስቲክ አርጅቶ ዘይቱ ከግሪሱ ተቀላቅሏል፤ የመዞሪያው ኩሽኔታዎችም በዚያ ቀጭን ድብልቅ ውስጥ ዕድሜ አያገኙም። ፈጽሞ ደርቆ የዛገ ከሆነ የባሰ ነው፤ ዝገቱ ማገጃውን ይሞርደዋል፣ በወንዝ ውስጥ ለሚያልፍ መኪናም ለውኃ በር ይከፍታል። ለገበያ ሲባል በቤንዚን ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሉል ምንም አይነግርም፤ እኔ እንደ ሰነበተ ሳይጠርግ የሚያሳየኝን ሻጭ አምናለሁ።

አንድ ሥውር ተንኰል ይቀራል፤ የመሪው ሾክ አብዞርበር። ጎማው ሰፍቶ፣ ዘንባሌው ጠፍቶ፣ መዞሪያው ላልቶ የፊት እግሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ሰነፍ ሠራተኛ ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ አዲስና ወፍራም የመሪ ሾክ ገጥሞ መንቀጥቀጡን ያፍነዋል፤ በሽታው ግን ተሸፍኖ እያደገ ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ባረጀበት የፊት እግር ላይ ይህ ብቻ አዲስ ሆኖ ቢገኝ፣ ሻጩን በትሕትና አስፈቅዶ፣ አስፈትቶት፣ ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ ቀስ ብሎ መንዳት ነው፤ መኪናው ያለ እርሱም ሳይንቀጠቀጥ ቀጥ ብሎ ከሄደ፣ ያን ጊዜ ስለ ዋጋው መነጋገር ይቻላል።